የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት አምባዛ ያሳድጋሉ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አምባዛ መኖ ናቸው። አንዱ ከአዳማ፣ ሌሎቹ ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቱላ ውስጥ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈበት አሥር ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ኩሬ አለኝ። 400 የአምባዛ ጫጩት ገዝቼ ጨመርኩበት። ሽፈራው ዓሣ ያፋፋል ሲሉ ስለሰማሁ ግማሹን ፉርሽካ፣ ግማሹን የደረቀ የሽፈራው ቅጠል አድርጌ በቀን ሁለት ጊዜ እሰጣለሁ። ሦስተኛ ወሩን ይዟል፤ ዓሦቹ ግን ከጣቴ ብዙም አልበለጡም። ሽፈራው ለአምባዛ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ሽፈራው አልበደለም፤ የእርስዎ ስህተት ቅመሙን ወጥ ማድረግዎ ነው።

አምባዛ እንደ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ኩሬ ውስጥ የበቀለ አረንጓዴ ነገር ለቃቅሞ የሚያድር ዓሣ አይደለም። ሁሉን በሊታ ቢባልም የሚያደላው ወደ ሥጋ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ትናንሽ ዓሣ፣ ትል፣ ነፍሳት፣ የሞተ ነገር ሁሉ ይበላል። ስለዚህ መኖው ብዙ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል፤ ጫጩት ሳለ ከ40 እስከ 45 በመቶ፣ ጣት ካለፈ በኋላ ከ35 እስከ 40 በመቶ። ፉርሽካ 15 በመቶ ገደማ፣ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ደግሞ 27 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አላቸው። ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀሉ 21 በመቶ ይመጣል። ዓሦችዎ ሦስት ወር ሙሉ የበሉት ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ነው። የቀረው ሆድ የሚሞላ አሰር ነው፤ እሱም ሳይፈጭ ወጥቶ ውሃውን ያቆሽሻል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ የሽፈራው ዱቄት ግማሽ ሊትር ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ከትተው አጥብቀው ይነቅንቁት። አናቱ ላይ አረፋ ይቆማል። አረፋውን በዋናነት የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እንዶድ ልብስ የሚያጥበውም በዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ሲበዛ ይመራል፣ የአንጀትን ግድግዳ ይጎዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ቅጠሉ ውስጥ ታኒንና ፋይቴትም አሉ። ታኒን ፕሮቲንን፣ ፋይቴት ደግሞ እንደ ዚንክና ፎስፈረስ ያሉ ማዕድናትን አስረው ዓሣው እንዳይጠቀምባቸው ያደርጋሉ። ጥቂት ሽፈራው ግን ቫይታሚን፣ ማዕድንና መልካም ፕሮቲን ይዞ ይገባል። ጥቅምና ጉዳቱን የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው።

መጠኑ ከጠቅላላ መኖው 5 በመቶ ይሁን። 10 በመቶ ጣሪያው ነው፤ እዚያ ለመድረስም ቅጠሉን መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ከ10 ግራም በታች ለሆኑ ጫጩቶች ጨርሶ ቢቀር ይሻላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው የኮንሶና የአርባ ምንጭ ዝርያ ነው። በዓለም ላይ ስለ ዓሣ መኖ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛው የተገኘው ግን ቅጠሉ ደቀቅ ካለው የሕንዱ ዝርያ ነው። ስለዚህ ከታች ጀምሮ መውጣት እንጂ ከላይ መጀመር አይመከርም።

አሁን ወጡን እንሥራ። ለ10 ኪሎ መኖ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የዓሣ ዱቄት 3 ኪሎ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) 3 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ፉርሽካ 850 ግራም፣ የበቆሎ ዱቄት 700 ግራም፣ የሽፈራው ዱቄት 500 ግራም፣ የምግብ ዘይት 300 ግራም፣ የቫይታሚንና የማዕድን ፕሪሚክስ (የተዘጋጀ ቅልቅል) 100 ግራም፣ ጨው 50 ግራም። የዓሣው ዱቄት 50 በመቶ፣ የአኩሪ አተሩ ፋጉሎ 44 በመቶ፣ የኑጉ 32 በመቶ ፕሮቲን ካላቸው ድምሩ ወደ 36 በመቶ ይመጣል። ይህ ጣት ላለፈ አምባዛ የሚበቃ ነው።

ሐዋሳ ላይ የዓሣ ዱቄት ውድ ነው ማለት ያስቸግራል፤ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ለአባ ኮዳ ወፍ የሚወረወረው ጭንቅላትና አጥንት ያው የእርስዎ ጥሬ ዕቃ ነውና። በዚያው ቀን ከወጣው ብቻ ይውሰዱ፤ አንጀቱን ይተዉት፣ ስቡ ቶሎ ይሻግታል። ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ይቀቅሉት፣ ውሃውንና ስቡን ጨምቀው ያውጡ፣ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ላይ አድርቀው ይፍጩት። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ጥሬ አንድ ኪሎ ዱቄት ይገኛል። ሳይቀቅሉ ለዓሣ መስጠት ግን የዓሣን በሽታና ጥገኛ ትል ወደ ኩሬዎ መጋበዝ ነው። የጥሬ ዓሣ አንጀት ውስጥም ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም ይኖራል።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ ዘንጉን አውጥተው ቅጠሉን ብቻ ይልቀሙ፣ ይጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳሳ አድርገው ጥላ ውስጥ ይበትኑት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጡት። ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጃል። በመዳፍዎ ሲጨብጡት ኮሽ ብሎ ከተሰባበረ ደርቋል፤ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ገና ነው፣ እንዲሁ ቢከተት ይሻግታል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ቀለሙ ሲሄድ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ንጥረ ነገርም አብሮ ሄዷል። ከሁለት ኪሎ ተኩል እርጥብ ቅጠል ግማሽ ኪሎ ያህል ዱቄት ይወጣል። በደቃቅ ወንፊት ነፍተው፣ ብርሃን በማያስገባ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፤ ከሁለትና ሦስት ወር በላይ አያቆዩት። ወደ 10 በመቶ ለመውጣት ካሰቡ እርጥቡን ቅጠል 24 ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ በመሃል ውሃውን ሁለት ጊዜ ይቀይሩ፣ ከዚያ ያድርቁት። ሳፖኒኑ በብዛት ከውሃው ጋር ይወጣል፤ ከቫይታሚኑም ጥቂት አብሮ ይሄዳል፣ ይህ የማይቀር ነው።

ቅልቅሉ እንዲህ ይሠራል። ደረቁን ሁሉ (ከበቆሎው፣ ከፕሪሚክሱና ከዘይቱ በቀር) አድቅቀው ይደባልቁ። የበቆሎውን ዱቄት በ3 ሊትር ውሃ እንደ አጥሚት ያንተክትኩት፤ መኖውን የሚያያይዘው ይህ ነው። ለብ ሲል ከደረቁ ጋር ይለውሱት፣ መጨረሻ ላይ ፕሪሚክሱንና ዘይቱን ይጨምሩ። ፕሪሚክስ ትኩስ ላይ ከገባ ቫይታሚን ሲ ይጠፋል። ሊጡ ሲጨበጥ ቅርጹን መያዝ አለበት፣ እጅ ላይ ግን መጣበቅ የለበትም፤ ከደረቀ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው የሥጋ መፍጫ ያሳልፉትና ጥላ ውስጥ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ያድርቁት። ሲሰበር ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት።

ኩሬ ውስጥ ከመበተንዎ በፊት አምስት ፍሬ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጣሉ። 15 ደቂቃ ሳይፈርስ ከቆየ ጥሩ ነው። በሁለት ደቂቃ ውሃውን ካደፈረሰ ወይ በቆሎው አልበሰለም፣ ወይ ፋጉሎው አልደቀቀም፤ እንዲህ ያለውን መኖ የሚበላው ዓሣው ሳይሆን ውሃው ነው። በእጅ የተሠራ መኖ እንደ ፋብሪካው አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ በቀስታ፣ ዓሦቹ ሲሻሙ እያዩ ይስጡ። የሰመጠበት ቦታ ላይ ወንፊት ወይም ሰሃን በገመድ አስረው ካወረዱና ከ20 ደቂቃ በኋላ ካወጡት ምን እንደተረፈ ያያሉ።

ስንት ይስጡ? ዓሦችዎ በአማካይ 15 ግራም ከሆኑ 400ው 6 ኪሎ ይመዝናሉ። 5 በመቶው 300 ግራም ነው፣ ለሦስት ጊዜ ተከፍሎ። 100 ግራም ሲደርሱ ወደ 3 በመቶ፣ 500 ግራም ሲያልፉ ወደ 2 በመቶ ይውረዱ። በየሁለት ሳምንቱ 30 ዓሣ በባልዲ ይመዝኑና መጠኑን ያስተካክሉ። ከአሮጌው መኖ ወደ አዲሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሻገሩ። የባከነውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመልሱትም፤ አንዳንዶቹ አጥንታቸው ቀጭጮ ሊቀሩ ይችላሉ። ከቀሩት እኩያ ሆነው ካልተከተሉ ለይተው ያውጧቸው፤ ትልቁ አምባዛ ትንሹን ከመብላት አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ ለዓሣ እድገት ይሰጣል ይባላል። አራቱንም ባንዴ ብቀላቅል ምን ይለኛል? ባለቤቴ ደግሞ ለከብት የምንሰጠውን የአገር ቅጠል ሁሉ ለዓሣውም እንሞክር ትላለች። ልክ ናት?

መልስ፦ አራቱን ባንዴ አይቀላቅሉ፤ ዓሣው ቢያድግም ቢያንስም የቱ እንደሠራ አያውቁም። ለባለቤትዎ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምንለው አለን።

ለ10 ኪሎ መኖ፣ ነጭ ሽንኩርት ደረቅ ዱቄት ከሆነ ከ50 እስከ 100 ግራም፣ እርጥብ ተልጦ ከሆነ ከ150 እስከ 300 ግራም። ዝንጅብል በደረቁ ከ50 እስከ 100 ግራም። ጥቁር አዝሙድ ከ100 እስከ 200 ግራም። አብሽ 100 ግራም። ከዚህ በላይ ሲሄድ ሽታውና ምሬቱ ዓሣውን ያሸሸዋል። አምባዛ በዓይኑ ሳይሆን በሪዙ የሚበላ ዓሣ ነው፤ ሪዙ በጣዕም ሕዋስ የተሞላ ስለሆነ አፉ ሳይደርስ ይቀምሰዋል። መኖውን ጎርሶ መልሶ ሲተፋው ካዩ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ።

ነጭ ሽንኩርትን ብዙ ሰው የሚያበላሸው በማብሰል ነው። የሚፈለገው ንጥረ ነገር፣ አሊሲን፣ ሙሉው ፍሬ ውስጥ የለም፤ ሲቀጠቀጥ ነው ሁለት ነገሮች ተገናኝተው የሚሠሩት። አገናኙ ኢንዛይም ደግሞ እሳት አይችልም። ስለዚህ ይቀጥቅጡት፣ ለ10 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ መኖው ላይ የሚገባውን ዘይት ይቀላቅሉበትና አስቀድሞ በደረቀው መኖ ላይ እያርከፈከፉ ያሹት። ጥላ ውስጥ ግማሽ ቀን አናፍሰው በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት። ለወጥ የተዘጋጀ ድልህ ግን አይሆንም፤ ጨውና በርበሬ አለበት። አብሽ በመጠኑ ታምሶ ይፈጭ፤ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ልጋግ መኖውን ያያይዝልዎታል፣ ስለዚህ የበቆሎውን ገንፎ ትንሽ ሊቀንሱ ይችላሉ። ጥቁር አዝሙድ ዘይታም ስለሆነ ተፈጭቶ አይቀመጥም፤ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይፍጩ።

ምን ይጠብቁ? የምግብ ፍላጎት መነሣሣት፣ የአንጀት ሥራ መሻሻል፣ አንዳንድ ባክቴሪያን መቋቋም። ጥቅማቸው ጎልቶ የሚታየው ዓሣው ሲጨናነቅ ነው፤ ጫጩት ከተጓጓዘ በኋላ፣ ተለይቶ ከተመዘነ በኋላ፣ ብርድ ሲመጣ። ውሃው ንጹሕ፣ መኖው ሙሉ፣ ሙቀቱ ልክ ከሆነ የሚጨምሩት ጥቂት ነው። የታመመ ዓሣን አያድኑም፤ ቁስል፣ የተበላ ክንፍ ወይም ያበጠ ሆድ ካዩ ባለሙያ ይጥሩ እንጂ ነጭ ሽንኩርት አይጨምሩ።

ስለ አገር ቅጠሉ፦ ለከብት ደግ የሆነ ሁሉ ለዓሣ ደግ አይደለም። ብርብራ የተባለው ዛፍ ፍሬ ሮቴኖን አለው፤ በአገራችን ወንዞች ዓሣ ማደንዘዣ ሆኖ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዶድም ለዓሣ መርዝ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ቀንድ አውጣን የገደለው ሳፖኒን የዓሣን ስንጥብም አይምርም። ኩሬዎ የሚሞላበት ቦይ ላይ በላይ በኩል በእንዶድ የሚታጠብ ልብስ ካለ ያንን ውሃ አያስገቡ። የጉሎ ፋጉሎ ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለበት፤ ግቢው ውስጥም ባይገባ ይመረጣል። ኒም ደግሞ ተባይ ማጥፊያ ነው፤ ተባይ የሚገድለው ነገር ለዓሣ የሚተርፍ መጠን ስላለው ከመኖ ውስጥ ያስወጡት።

ጥያቄ፦ ከአላሙራ ሥር። የኑግ ፋጉሎ ተወደደብኝ። አንድ ነጋዴ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ በርካሽ አቀረበልኝ። አኩሪ አተርም በጥሬው አስፈጭቼ መጨመር እችላለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጥሬ አኩሪ አተርን ፈጽሞ። ውስጡ ያለው ነገር (ትሪፕሲን አጋች ይባላል) የዓሣው አንጀት ፕሮቲን እንዳይፈጭ ያደርጋል፤ ውድ ፕሮቲን ገዝተው ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። ፍሬውን ከፈላ ጀምሮ 30 ደቂቃ ቀቅለው አድርቀው ያስፈጩ፣ ወይም እንደ ቆሎ ይቁሉት። መብሰሉን በጥርስዎ ይለኩ። ጥሬው ምላስ ላይ ሣር ሣር ይላል፣ ይመራል፤ የበሰለው የለውዝ ጣዕም ይሰጣል። ከጠቆረ ደግሞ አልፏል፣ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ተቃጥሏል። ላይሲን ደግሞ ኑግ የሚያንሰው ነገር ስለሆነ ጉድለቱን የሚሸፍንልዎት አይኖርም። ዘይቱ ካልወጣለት አኩሪ አተር የሚሠሩ ከሆነ ከላይ በሰጠነው አዘገጃጀት 3 ኪሎ ፋጉሎውን በ3 ኪሎ ተኩል ይተኩ፣ 300 ግራሙን ዘይት ያስቀሩ፣ ፉርሽካውን ወደ 650 ግራም ያውርዱ፤ ድምሩ አሁንም 10 ኪሎ፣ ፕሮቲኑም 36 በመቶ ገደማ ይሆናል።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል መርዝ አለበት። ላይሲንን ያስራል፣ እድገት ይቀንሳል፣ የመራቢያ አካልንም ይጎዳል። ለገበያ ለሚያሳድጉት ዓሣ ከመኖው ከ10 በመቶ አይለፍ፤ ለመራቢያ ለያዙት ወንድና ሴት ግን አንድ ማንኪያም አይግባ።

የኑግ ፋጉሎ ሲገዙ ደግሞ ከዋጋው በፊት ጠረኑን ይጠይቁ። አንዱን ጓል በእጅዎ ሰብረው ውስጡን ይዩ፤ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ክር መሰል ነገር ካለ፣ የረጠበ ግድግዳ ከሸተተ፣ አይግዙ። ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን በመቀቀልም በፀሐይም አይጠፋም። ጉበት ላይ ነው የሚሠራው፤ ዓሣው ሳይሞት ወራት ሙሉ እየከሳ ይቆያል፣ ባለቤቱም ጫጩቱን ይረግማል። ከአንድ ወር የበለጠ አያከማቹ፤ ጆንያውን ከወለል በእንጨት አንሥተው ከግድግዳ ያርቁት። ክረምት ላይ ይህ ጉዳይ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአዳማ። መኖው ከፋብሪካ የመጣ ጥሩ መኖ ነው፣ ሽፈራውም እጨምራለሁ። ከኅዳር ወዲህ ግን ዓሦቹ መብላት ቀነሱ፣ ምግቡ እየተረፈ ነው። ሽፈራውን ላብዛ?

መልስ፦ አያብዙ፤ ይልቅ ቴርሞሜትር ይግዙ። አምባዛ ውሃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ ይበላል፣ ያድጋል። ከ20 ሲወርድ ሆዱ ይዘጋል። አዳማም ሐዋሳም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያለፉ ከተሞች ናቸው፤ ቀን ቢሞቁም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጥልቀት የሌለውን ኩሬ ያቀዘቅዘዋል። ይህን የሚመልስ ቅጠል የለም።

ከውሃው ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ንጋት 12 ሰዓት ላይና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለአንድ ሳምንት ይለኩ። 25ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉውን ይስጡ። ከ20 እስከ 25 ከሆነ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሱ። ከ20 በታች ከወረደ መመገብ ያቁሙ። የጠዋቱን ምግብ ወደ 4 ሰዓት፣ የማታውን ወደ 10 ሰዓት ያምጡት፣ ውሃው ሲሞቅ። የኩሬው ጥልቀት ከ1 ሜትር ከ20 እስከ ሜትር ተኩል ይሁን፣ ጥልቀቱ ያነሰ ኩሬ ሌሊት ሙቀቱን ይለቃል። በቀጭን እንጨት ቅስት ላይ ግልጽ ፕላስቲክ መዘርጋት የተወሰነ ሙቀት ያተርፋል፤ ጠርዙን ቀን ቀን ይክፈቱት። የጉድጓድ ውሃ የሚጨምሩ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ እንጂ ማታ አይሁን።

የተረፈውን መኖ ግን ዛሬውኑ ያውጡት። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው የከፋ ውሃ ውስጥም ቶሎ አይሞትም። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። ቆሮሶ ቢሆን ኖሮ ተንሳፍፎ ያስጠነቅቅዎ ነበር፤ አምባዛ ዝም ብሎ መብላት ያቆማል። ከተረፈ መኖና ከዓሣው ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ሲበዛ ከግማሽ የማያንስ ውሃ በሁለት ቀን ተከፍሎ ይቀየር። የሚወጣውን ውሃ ወደ አትክልት ቦታ ያዙሩት። ሐዋሳ ላሉ አንባቢዎቻችን ይህ የበለጠ ይመለከታቸዋል፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ዓሣ ለምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። የአምባዛዬ ሥጋ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ አንዳንዴም አፈር አፈር ይሸታል ብለው መለሱልኝ። ሽፈራው ነው?

መልስ፦ ቢጫው አዎን፣ ሽታው አይደለም። አረንጓዴ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ዛንቶፊል የሚባል ቀለም አላቸው፤ በስቡ ውስጥ ተጠራቅሞ ነጩን ሥጋ ያቢጨዋል። ለጤና አይከፋም፤ ነጭ የለመደ ገዢ ግን አይወደውም። በቆሎውን በነጭ በቆሎ ይተኩ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሽፈራውን ከመኖው ያውጡ። የአፈር ሽታው በአብዛኛው የሚመጣው ኩሬ ውስጥ ከሚበዙ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌዎች ነው። ከመሸጥዎ በፊት ዓሦቹን ንጹሕ ውሃ እየፈሰሰበት ባለ ገንዳ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያለ ምግብ ያቆዩአቸው። ቅርፊት የለውም ብሎ አምባዛን የማይነካ ደንበኛ ግን በዚህ አይመለስም፤ እሱን ለቆሮሶ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ዳር። ሽፈራው እንደጠቀመኝና እንዳልጠቀመኝ በምን አውቃለሁ? ኩሬዬ አንድ ብቻ ነው።

መልስ፦ አንድ ኩሬ ይበቃል። ከመረብ አራት እኩል ሳጥኖች ያሰፉ፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ከላይ ክዳን ያለው፣ አምባዛ ይዘላልና። ኩሬው ውስጥ በእንጨት ያቁሟቸው። በእያንዳንዱ 25 እኩያ ዓሣ ይጨምሩ። ለሁለቱ ሽፈራው ያለበትን፣ ለሁለቱ የሌለበትን መኖ ይስጡ፤ የሌለበት መኖ ላይ 500 ግራሙን በፉርሽካ ይተኩት። ተመሳሳይ መኖ የሚበሉት ጎን ለጎን አይሁኑ፤ አንዱ ጥግ ከሌላው የበለጠ ፀሐይ ሊያገኝ ይችላል። ለስድስት ሳምንት በየቀኑ የሰጡትን ግራም ይጻፉ። ከመመዘንዎ በፊት አንድ ቀን አይመግቡ፤ ሆዱ የሞላ ዓሣ ሚዛን ያታልላል።

ስሌቱን በምሳሌ እናሳይ። ሽፈራው ያለበት ሳጥን ዓሦች ከ20 ግራም ወደ 62 ግራም ቢያድጉ፣ 25ቱ የጨመሩት 1,050 ግራም ነው። የበሉት 1,680 ግራም ከሆነ ለአንድ ኪሎ እድገት 1.6 ኪሎ መኖ ወጥቷል። የሌላው ሳጥን ዓሦች 58 ግራም ደርሰው 950 ግራም ቢጨምሩና 1,615 ግራም ቢበሉ 1.7 ይሆናል። አሁን ወደ ብሩ እንሂድ። ለስሌት እንዲቀል ሽፈራው የሌለበት መኖ ኪሎው 100 ብር ነው እንበል፤ አንድ ኪሎ ዓሣ በ170 ብር መኖ አደገ። ቅጠሉን ማስለቀም፣ ማድረቅና ማስፈጨት መኖውን 106 ብር ካደረሰው 169 ብር ከ60 ሳንቲም ይመጣል፤ እኩል ናቸው ማለት ነው። 108 ካደረሰው 172 ብር ከ80 ሳንቲም፤ ከስረዋል። ቅጠሉ ከግቢዎ ዛፍ ተለቅሞ 102 ብር ላይ ካቆመው ደግሞ 163 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል፤ ያኔ ይቀጥሉበት።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። አንድ ዓይነት መኖ የበሉት ሁለቱ ሳጥኖች እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት፣ ሽፈራው በበላውና ባልበላው መካከል ካለው ልዩነት ከበለጠ ውጤቱን አይመኑት፤ የሞተ ዓሣ ካለ ቆጥረው፣ ሚዛኑን አስተካክለው፣ ሌላ ስድስት ሳምንት ይድገሙት።